ስንቅ አመላላሹ ወታደርና መካኒኩ፦ የ1944ቱ «ቀይ ኳስ» ጉዞ

የጦርነት ታሪክ ሲጻፍ ምስጋናው አብዛኛውን ጊዜ ለአዝማቹና ለተኳሹ ይሰጣል። ከኋላ ሆኖ ስንቅ የሚያደርሰውና የተሰበረውን የሚጠግነው ወታደር ግን ስሙ እምብዛም አይነሣም። ሆኖም ተኳሹ ያለ ጥይት፥ ታንኩም ያለ ቤንዚን ምን ሊያደርግ ይችላል? የዚህች አጭር ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጥያቄ በአንድ ምሳሌ፥ ይኸውም የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1944 በፈረንሳይ አገር ባቋቋመው «ቀይ ኳስ» በተባለው የካሚዮን ጉዞ መመርመር ነው።

የጉዞው ምክንያት እንዲህ ነው። የቃል ኪዳን አገሮች ጦር ጁን 6 ቀን ኖርማንዲ ላይ ከወረደ በኋላ፥ በኦገስት መጨረሻ ከታሰበው ዕቅድ ቀድሞ ሴን ወንዝ ደረሰ። ለአንድ ክፍለ ጦር በቀን 750 ቶን ያህል ስንቅ፥ ቤንዚንና ጥይት ያስፈልገው ነበር። የፈረንሳይን የባቡር ሐዲድ ግን ለጠላት እንዳይጠቅም ሲሉ አስቀድመው የራሳቸው አይሮፕላኖች በቦምብ አፍርሰውታል። ስለዚህ ጭነቱ ሁሉ በካሚዮን ላይ ወደቀ።

ጉዞው ኦገስት 25 ቀን ተጀመረ። ከሴን ሎ እስከ ሻርትር ሁለት መንገዶች ለዚሁ ብቻ ተለይተው፥ በአንደኛው የተጫነው ሲሄድ በሌላው ባዶው ይመለስ ነበር። ኦገስት 29 ቀን ብቻ 5,958 መኪናዎች 12,342 ቶን አደረሱ። ከነጂዎቹ ከአራት እጅ ሦስት እጅ ያህሉ ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ። በዚያን ጊዜ ጦሩ በቆዳ ቀለም የተለያየ ስለ ነበረ፥ አብዛኞቹ ጥቁር ወታደሮች ከውጊያ ክፍሎች ርቀው ለማመላለሻና ለጉልበት ሥራ ይመደቡ ነበር።

ትእዛዙ በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር እንዳያልፉ ነበር፤ ነገር ግን ብዙዎቹ የሞተሩን የፍጥነት መገደቢያ እየፈቱ ይፈጥኑ ነበር። ሁለት ቶን ተኩል እንዲሸከም የተሠራው ካሚዮንም እስከ እጥፍ ይጫን ነበር። በዚህም የተነሣ ጎማ ይፈነዳል፥ ሞተር ይቃጠላል፥ ባትሪ ውሃ ያጣል። ወታደሩ በልቶ የጣለው ባዶ ቆርቆሮ እንኳ ጎማ ይቀድ ነበር። መኪናው የተበላሸበት ነጂ ወደ መንገዱ ጠርዝ አውጥቶ ይጠብቃል፤ መካኒኩም ደርሶ እዚያው ይጠግነዋል፤ ካልሆነለትም በጎታች መኪና ወደ ኋላ ይወስደዋል።

ጉዞው ኖቬምበር 16 ቀን እስኪቆም ድረስ 412,193 ቶን ተመላለሰ። ይህ ታላቅ ሥራ ነው፤ ዋጋው ግን ቀላል አልነበረም። ለጥገና የሚሆነው ጊዜ ለመንዳት ስለ ዋለ፥ ሰውም መኪናም አለቀ። የጀኔራል ፓተን ጦርም ቢሆን በሴፕቴምበር መጀመሪያ በቤንዚን እጦት ቆሟል። የአንትወርፕ ወደብ ሴፕቴምበር 4 ቀን ቢያዝም፥ የመርከቡ መግቢያ በጠላት እጅ ስለ ቆየ እስከ ኖቬምበር 28 ቀን ድረስ ለጭነት አልዋለም። እንግዲህ ካሚዮኑ የወደብንና የባቡርን ሥራ ለጥቂት ጊዜ ሊተካ ቻለ እንጂ ለዘለቄታው አልቻለም።

ፕሬዚደንት ትሩማን በጦሩ ውስጥ በዘር መለያየት እንዲቀር ያዘዙት ጁላይ 26 ቀን 1948 ነው። ይህም ማለት እነዚያ ነጂዎች ሠራዊቱን ሲመግቡ፥ ሠራዊቱ ገና እንደ እኩል አልቆጠራቸውም ነበር። የጦር ታሪክን የሚመረምር ተማሪ ከጦር ግንባሩ ካርታ ጋር የጎማውንና የቤንዚኑን ሒሳብ፥ ከሒሳቡም ጋር መሪውን የጨበጠውን ሰው መመልከት ይገባዋል።