በለስን የበላው ቀይ ቀለም

በክረምት ከመቀሌ ወደ አዲግራት የተጓዘ ሰው፣ መንገድ ዳር በለስ እየላጡ የሚሸጡ ልጆችን ሳያይ አያልፍም። ከመልመዳችን የተነሳ አገር በቀል ይመስለናል። አይደለም። የመጽሐፍ ቅዱሱ በለስ ሌላ ዛፍ ነው (“በለስ ቀናው” ስንልም ይህን እሾሃም ማለታችን አይደለም)። ይኼኛው የሜክሲኮ ተወላጅ ነው። ስፔኖች ወደ አውሮፓ አሻገሩት፤ ትግራይ የገባው ደግሞ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ግድም በካቶሊክ ሚስዮናውያን እጅ እንደሆነ ይነገራል።

እንግዳው ታዲያ ቶሎ ቤተኛ ሆነ። ፍሬው የሚደርሰው በክረምት፣ የአምናው እህል አልቆ አዲሱ ገና ሳይታጨድ ነው። ያንን ክፍተት በበለስ የሚሻገር ቤት ብዙ ነው። “ቅጠሉ” (እውነቱን ለመናገር ግንዱ ነው) በድርቅ ጊዜ ለከብት ይሰጣል፤ ተክሉ ራሱ አጥር ይሆናል።

ከሜክሲኮ ሲወጣ ግን አንዲት ጠላቱን እዚያው ትቶ ነበር፦ ኮቺኒልን። በለስ ላይ ተጣብቃ ጭማቂውን የምትመጥ ትንሽ ተባይ ናት፤ ደርቃ ስትፈጭ ደማቅ ቀይ ቀለም ትሰጣለች። በቅኝ ግዛት ዘመን ከሜክሲኮ ወደ ውጭ ከሚላኩት ሸቀጦች ውስጥ በዋጋ የሚበልጣት የብር ማዕድን ብቻ ነበር። ዛሬም ሊፒስቲክና ከረሜላ ታቀላለች።

በ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ይህችው ተባይ ለገበሬው ገቢ ታመጣለች ተብላ፣ ሆን ተብሎ ደቡብ ትግራይ ገባች። ለቅሞ፣ አድርቆ ወደ ውጭ መላክ፤ በወረቀት ላይ ያምራል። ችግሩ ኮቺኒል የምትገታው እስከተለቀመች ድረስ መሆኑ ነው። ገዢው ሲጠፋ መልቀሙ ቀረ፤ እሷ ግን መብላቷን አልተወችም። በራያ አዘቦና አካባቢው በለሱ ነጭ ጥጥ የለበሰ መስሎ እየደረቀ ወደቀ።

የሚያናድደው ይህ ቀድሞ የታየ መሆኑ ነው። በ1920ዎቹ በፈረንሳይ ትገዛ በነበረችው ማዳጋስካር የኮቺኒል ዘር ገብታ፣ የደቡቡን በለስ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጠራረገችው። ከብት አለቀ፤ ሕዝቡ ተራበ፣ ተሰደደ። እዚያስ ከገዢዎቹ መካከል በለሱን እንደ አመፀኛ ምሽግ እያዩ የሚጠሉት ነበሩ። እኛ ጋ ግን ያስገቡት ሰዎች ገበሬውን ሊጠቅሙ ያሰቡ ነበሩ። ያንን የማዳጋስካር ታሪክ ገልጦ ያየ አልነበረም?

ገበሬው የተያዘውን በለስ እየቆረጠ እንዲቀብር ተመከረ። ሜዳ ላይ ይቻል ይሆናል። ገደል ላይ የበቀለውን ግን ማን ወጥቶ ይቆርጠዋል?