የሕፃን ጆሮና ፊደል

በወንጪ ሐይቅ ዙሪያ የሚያድግ ሕፃን «ሶዳ» ላልቶ ሲነገር ፍርሃት፣ ጠብቆ ሲነገር አማት መሆኑን ከእናቱ አፍ ይማራል። (ሁለቱ ያን ያህል አይራራቁም የሚል ባልደረባ አይጠፋም!) የግእዝ ፊደል ግን እንደ አማርኛው «ገና» አንድ አድርጎ ይጽፋቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1899 ኦነሲሞስ ነሲብ የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስን ያሳተመው በዚሁ ፊደል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1991 የጸደቀው ቁቤ የጠበቀውን ተነባቢ ደርቦ ይጽፋል።

ጆሮ ከፊደል ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1984 ወርከርና ቲስ ባሳተሙት ጥናት፣ እንግሊዝኛ የሚሰሙ ሕፃናት ከ6 እስከ 8 ወር ሳሉ የሂንዲን ባዕድ ድምፆች ለይተዋል፤ ዓመት ሊሞላቸው ሲቃረብ ግን ችሎታው ደክሟል። ስለዚህ አማርኛ ብቻ እየሰማ ያደገ መምህር የኦሮምኛውን «ዸ» እንደ «ደ» ቢሰማው በስንፍና አይደለም። ተማሪውን «ተሳሳትህ» ከማለቱ በፊት ግን ደጋግሞ ያዳምጥ፤ የአዋቂ ጆሮም በልምምድ ይሻሻላል።