ከሳሪስ አቦ እስከ አዋሽ፦ የዱር እንስሳ ፎቶ ታሪክ

የሳሪስ አቦ ሰፈር የተጠራው በአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ስም ነው። ጻድቁ በሥዕል ሲታዩ አንበሳና ነብር ግራና ቀኝ ይከቧቸዋል፤ ትውፊቱ 60 አናብስትና 60 አናምርት ይላል። በሥዕሉ ላይ አውሬው ዓይኑን አፍጥጦ ተመልካቹን ያያል። አብዛኛው ከተሜ አንበሳን ለዘመናት የሚያውቀው እንዲህ በቅርብ ነበር። ካሜራ ከመጣ በኋላም በፎቶ የሚታየው አውሬ ብዙውን ጊዜ የተገደለ፣ አዳኙ አጠገቡ የቆመበት ነበር።

በሕይወት ያለን አውሬ በሜዳው የማንሳት ፍላጎት የመጣው ከፓርኮች ጋር ነው። አዋሽ ፓርክ በ1958 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ በ1961 ዓ.ም. በሕግ ጸና። ከአዲስ አበባ ወደዚያ የሚሄድ መኪና በሳሪስ፣ በቃሊቲና በአቃቂ አድርጎ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ችግሩም ከዚሁ ይጀምራል። በማለዳ የተነሣ መንገደኛ ሲደርስ ፀሐይ ከርራለች፤ አጋዘን ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቷል፣ አንበሳ ተኝቷል። ሜዳ ላይ የሚቀረው ሳላ (ኦሪክስ) ነው፤ እሱም መኪና ሲያይ ይሸሻል። ቁመቱ 1.2 ሜትር ገደማ የሆነ ሳላ 200 ሜትር ርቆ በተለመደው የ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ቢነሣ፣ ፊልሙ ላይ የሚያርፈው 0.3 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በ10 በ15 ሴንቲ ሜትር ወረቀት ሲታጠብ የአንድ ጤፍ ፍሬ ያህላል። ረጅም ሌንስ የያዘውም ቢሆን ከመሬት የሚነሣው ሙቀት አየሩን ስለሚያርገበግበው ምስሉ ይደበዝዝበታል። በፊልም ዘመን ደግሞ የአንዱ ጥቅል 36ቱ ፎቶ ምን እንደሚመስል የሚታወቀው ከተማ ተመልሶ ከታጠበ በኋላ ነበር።

ሽሽቱ የሳላ ጠባይ ብቻ አይደለም፤ ጠመንጃ ያስተማረውም አለበት። ሰው እምብዛም የማያድነው የሰሜን ተራሮች ጭላዳ ዝንጀሮ ጥቂት እርምጃ ቀርበው ቢያነሡት እንኳ ሣሩን መንጨቱን አያቆምም።

በአዋሽ ፎቶ አንሺዎችን ይበልጥ የሚያናድደው ሳላው ጀርባ የሚቆመው ላም ነው። ይህ ቅሬታ ግን ፍትሕ ይጎድለዋል። ሜዳው ከመከለሉ በፊት የከረዩ፣ የኢቱና የአፋር አርብቶ አደሮች ግጦሽ ነበር፤ በዚያው ዘመን የመተሐራ ሸንኮራ እርሻም የወንዙን ዳር መሬት ወሰደባቸው። ድርቅ ሲመጣ ከብቱ ሣር ወዳለበት መግባቱ አይቀርም። ሳላና ላም አብረው የገቡበት አሮጌ ፎቶ ያለው ሰው ተበላሽቷል ብሎ አይጣለው፤ ዓመቱንና ቦታውን ጀርባው ላይ ጽፎ ያስቀምጠው።