የ«ትማርኪያለሽ» ሸክላ እና የአምሃ ድፍረት

ድምፃዊ ዓለማየሁ እሸቴ ያረፈው ነሐሴ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። ዘፈኖቹን አዲሱ ትውልድ በብዛት የሚያገኛቸው ፈረንሳይ ውስጥ በታተመው የ«ኢትዮጲክስ» ተከታታይ 9ኛ ቅጽ ላይ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 በሸክላ ካወጣቸው ነጠላ ዜማዎች ተመርጠው ተሰባስበውበታል። ኮሎኔል ረታ ደመቀ ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ እንዳመጡት፣ ኋላም ከግርማ በየነ ጋር «ዓለም ግርማ» ባንድን እንዳቋቋመ ብዙ ተብሏል። ብዙ ያልተባለለት የአሳታሚው የአምሃ ሬከርድስ የመጀመሪያ ሸክላ ታሪክ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣ የንጉሠ ነገሥቱ አዋጅ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብትን ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሰጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 ግን የአምሃ ሬከርድስ መሥራች አምሃ እሸቴ የተባለ በሃያዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ የነበረ ወጣት የሙዚቃ ነጋዴ የዓለማየሁን «ትማርኪያለሽ» ቀድቶ ሕንድ አሳተመና አዲስ አበባ አምጥቶ ሸጠ። (የአባታቸው ስም ቢገጥምም ወንድማማቾች አይደሉም።)

የሚያከራክረው ይህ ምን ያህል ድፍረት ነበር የሚለው ነው። አዋጁ በዚያን ጊዜ ከወረቀት ያለፈ ጉልበት አልነበረውም፣ ስለዚህ አምሃ የዘለለው የወደቀ አጥር ነው የሚል ሐሳብ ይነሳል። አምሃ ግን እታሰር ይሆናል ብሎ አስቦበት፣ ቆርጦ እንደገባበት ኋላ ላይ ተናግሯል። እኔ የማምነው እሱን ነው። አጥሩ ወድቆ ቢሆን ኖሮ ከመርካቶ እስከ ፒያሳ ያለ ነጋዴ ሁሉ ቀድሞት በዘለለ ነበር። እነ ዓሊ ታንጎ በካይፋ ሬከርድስ ገበያውን የተቀላቀሉት እሱ መንገዱን ከጠረገ በኋላ ነው።

ደግሞስ ዓለማየሁ እንዴት ያለ ዘፋኝ ነበር! «ተማር ልጄ»ን ስሙት። ሀብትም ዘመድም የሌለው ወላጅ ልጁን ትምህርት እንዲይዝ ይመክራል፤ ቁም ነገሩ የሽማግሌ ነው። ዓለማየሁ ግን ምክሩን በረጋ የአባት ድምፅ አይዘፍነውም፤ ይማጸናል፣ ይቃትታል። የአበሻው ጄምስ ብራውን ያሰኘው ጩኸቱና አለባበሱ ብቻ አይደለም፤ ይህ ልመናው ነው። የሸክላ አንድ ገጽ የሚይዘው ጥቂት ደቂቃ ነውና ሳያንዛዛ፣ ከመጀመሪያው ስንኝ ጀምሮ ያለውን ሁሉ ይሰጣል።

አምሃ ሬከርድስ እ.ኤ.አ. በ1975 እስኪቆም ድረስ 103 ነጠላ ሸክላዎችና 12 አልበሞች አወጣ። ደርግ መጣ፣ ሰዓት እላፊ ታወጀ፣ አምሃም ወደ አሜሪካ ሄደ። ዓመታት አልፈው የተከታታዩ አዘጋጅ ፍራንሲስ ፋልሴቶ ሸክላዎቹን በ«ኢትዮጲክስ» ለዓለም ጆሮ አደረሳቸው።

አምሃ ሚያዝያ 22 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ከዓለማየሁ አራት ወር ቀድሞ አረፈ። ዛሬ ወጣት ድምፃውያን ነጠላ ዜማቸውን የማንንም ፈቃድ ሳይጠብቁ በዩቲዩብ ይለቃሉ። «ትማርኪያለሽ»ን እዚያው የሚጭኑ ሰዎች ከዘፋኙ ስም ሥር የአሳታሚውንም ስም ይጻፉልን።