ገበያ ያመጣቸው፣ ደብር ያቆማቸው
(ስለ አዲስ አበባ አርመኖች)

አገር ሲቆረቆር የሚቀድመው የትኛው ነው? ገበያ ወይስ ደብር? እኛ የጋይንት ልጆች ለዚህ ጥያቄ ሁለት መልስ አለን። አርብ ገበያ ስሟ ራሱ እንደሚናገረው በገበያ ቀኗ የተጠራች ከተማ ናት። ቤተልሔም ደግሞ እዚያው ጋይንት ውስጥ ሆና የምትታወቀው በገበያዋ ሳይሆን በድጓዋ ነው፤ የድጓ መምህር ልሁን የሚል ሁሉ ከየትም አገር ይምጣ ቤተልሔም ገብቶ ማስመስከር አለበት። ገበያ ሰውን ያሰባስባል፤ ሲመሽ ግን ሁሉም አህያውን እየነዳ በየመንገዱ ይበተናል። ደብር ግን ያስተሳስራል፤ ለክርስትናውም ለተዝካሩም ለቀብሩም አንድ ደጅ ያስረግጣል። ይህ ልዩነት ቁልጭ ብሎ የሚታየው ከአገሩ ተነቅሎ በሰው አገር በተተከለ ሕዝብ ላይ ስለሆነ፣ ለዛሬ ከጋይንት ወጥተን አዲስ አበባ ገብተን የአርመኖችን ታሪክ እንመልከት።

አርመኖች ለኛ እንግዳም ናቸው፣ እንግዳም አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ451 የተደረገውን የኬልቄዶን ጉባኤ ከማይቀበሉት አብያተ ክርስቲያናት መካከል የነሱም የኛም ይገኙበታል። የራሳቸው ፊደል አላቸው፤ በአምስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ሜስሮፕ ማሽቶትስ የተባለ መነኩሴ የቀረጸው ሲሆን፣ አንዳንዱ ቅርጽ የግዕዝን ፊደል ስለሚመስል ሊቃውንቱን ሲያነጋግር ኖሯል። ኢየሩሳሌምም አገናኝታናለች። በዴር ሱልጣን የነበሩት መነኮሶቻችን ችግር ሲጠናባቸው የዕለት ምግባቸውን ይሰጧቸው የነበሩት የአርመን ገዳም ሰዎች ናቸው። እንግዲህ ውለታው የተጀመረው አርመኖቹ ወደኛ አገር ከመሰደዳቸው በፊት ነው ማለት ነው።

ወደ ኢትዮጵያም የመጡት ዛሬ ወይም ትናንት አይደለም። ንግሥት እሌኒ ለፖርቱጋል ንጉሥ መልእክት ስትልክ የመረጠችው ማቴዎስ የሚባለውን አርመን ነበር። ማቴዎስ ብዙ ተንገላቶ እ.ኤ.አ. በ1514 ሊዝበን ደረሰ፤ በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ተመልሶ ምድራችንን ከረገጠ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። በጎንደር ዘመንም ኾጃ ሙራድ የተባለ አርመናዊ ነጋዴ የነገሥታቱን ገጸ በረከት ይዞ እስከ ሕንድና እስከ ባታቪያ ተመላልሷል። በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ማብቂያ ደግሞ እስረኞቹን አውሮፓውያን እንዲያስለቅቁ ከኢየሩሳሌም የአርመን ፓትርያርክ የተላኩ ሁለት ካህናት፣ ጳጳሱ ሳሃክና አባ ዲሞቴዎስ፣ ኢትዮጵያ ገብተው ነበር። ያን ጊዜ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር አንስቶ በእኛው በጋይንት መንገድ፣ በጨጨሆ በኩል ወደ መቅደላ ያስጎትት ነበር። ሽምግልናው ሳይሰምር እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1868 መቅደላ ወደቀ። ዲሞቴዎስ ስለ ቆይታው የጻፈው መጽሐፍ ግን ታትሞ ቀርቷል።

ልብ በሉ! እነዚህ ሁሉ አንድ አንድ ሰዎች ናቸው። መልእክተኛ ነበሩ፣ ነጋዴ ነበሩ፣ አስታራቂ ነበሩ። ማኅበረሰብ ግን አልነበሩም። መጡ፣ ሠሩ፣ ሄዱ ወይም ሞቱ፤ ይኸው ነው።

ነገሩ የተለወጠው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። ለዚህም ሁለት ምክንያት ነበረው፤ አንደኛው የሚገፋ፣ ሁለተኛው የሚስብ። የሚገፋው የቱርክ ሱልጣን ግፍ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1894 እስከ 1896 በኦቶማን ግዛት ብዙ አርመኖች ተጨፍጭፈዋል። የሚስበው ደግሞ አዲስ አበባ ነበረች። ገና መቆርቆሯ ስለነበር ልብስ ሰፊ፣ ጫማ ሠሪ፣ ወርቅ ሠሪ፣ ግንበኛና ፎቶ አንሺ ትፈልጋለች። አርመኖቹም እጃቸው ሙያ የለመደ ነው። ሐረር ላይ መሣሪያ ይነግድ የነበረው ሰርኪስ ተርዚያን በእንፋሎት የሚሄደውን የመንገድ መዳመጫ ለምኒልክ ቢያስመጣ፣ ሕዝቡ “የሰርኪስ ባቡር” ብሎ ስም አወጣለት፤ ስሙም ከማሽኑ ዕድሜ በላይ ኖረ። ቤድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆነ፤ ከሱ በኋላም ልጆቹ ሙያውን ወረሱ። ዛሬ በየመጽሐፉ ላይ የምናያቸው የመኳንንቱና የነገሥታቱ ፎቶዎች ብዙዎቹ የዚህ ቤተሰብ ሥራ ናቸው። አርመን ሰፈር የሚባል ሰፈርም በከተማይቱ ተፈጠረ።

እስከዚህ ድረስ ያመጣቸው ገበያ ነው ብንል ያስኬዳል። እንጀራ ፈልጎ የመጣ ሰው ደግሞ አገሩ ሰላም ሲሆን ልቡ ወደ ቤቱ ያያል። ታዲያ እ.ኤ.አ. በ1915 መመለሻው ራሱ ጠፋ። የኦቶማን መንግሥት አርመኖችን ከቤት ንብረታቸው ነቅሎ ወደ ሶርያ በረሃ ሲነዳ፣ በመንገድ የታረደውና በረኃብ ያለቀው ከግማሽ ሚሊዮን እጅግ የበለጠ ነው፤ ብዙዎች የታሪክ ጸሐፊዎች ወደ አንድ ሚሊዮንና ከዚያም በላይ ያደርሱታል። አዲስ አበባ ያለው አርመን ከዚያ ወዲያ “አንድ ቀን አገሬ እገባለሁ” ቢል ወዴት ነው የሚገባው? መንደሩ የለም፤ የመንደሩ ቤተ ክርስቲያንም የለም። ስለዚህ መንደሩን እዚሁ መሥራት ነበረበት።

በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ አውሮፓን ለመጎብኘት ሲሄዱ መጀመሪያ ኢየሩሳሌምን ተሳለሙ። በዚያ በቅዱስ ያዕቆብ የአርመን ገዳም ከእልቂቱ የተረፉ የሙት ልጆች በናስ መሣሪያ ሙዚቃ ሲጫወቱ ሰሙ። ከፓትርያርኩ ጋር ተነጋግረው አርባዎቹን ልጆች ወደ ኢትዮጵያ አስመጧቸው። ታሪካችን “አርባ ልጆች” ብሎ የሚጠራቸው እነዚህ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። ዮፍታሔ ንጉሤ ግጥሙን የጻፈለትን፣ “ኢትዮጵያ ሆይ ደስ ይበልሽ” የሚለውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰውም እሱ ነው። በጥቅምት 1923 ዓ.ም. በንግሥ በዓሉ ላይ የተሰማው ይኸው መዝሙር ዘውዱ እስኪወርድ ድረስ አገልግሏል። ጉድ አይደለም ወይ? አገር የሌለው ሰው ለሌላው አገር መዝሙር አበጀ! የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያንም ከዚያ በኋላ መጥቶ በማዘጋጃ ቤትና በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ኦርኬስትራ ያሠለጠናቸው ልጆች ለዘመናዊው የአማርኛ ዘፈን መሠረት ጥለዋል።

ደብሩስ? የአርመን ማኅበረሰብ በዚያው ዘመን ሁለት ነገር አቆመ። አንደኛው ትምህርት ቤት ነው፤ በባለጸጋው በማቲግ ኬቮርኮፍ ስም የተጠራው ይህ ትምህርት ቤት ለስደተኛ ልጆች የአርመንን ፊደል ያስተምር ነበር። ሁለተኛው ከጣሊያን ወረራ ጥቂት ቀደም ብሎ ፒያሳ አካባቢ በድንጋይ ተሠርቶ ያለቀው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ነው። በነሱ ቋንቋ “ሱርፕ ኬቮርክ” ይሉታል።

እዚህ ላይ አንድ ጠያቂ ሊነሣ ይችላል። “ሃይማኖቱ የሚቀራረብ ከሆነ አራዳ ጊዮርጊስ ቅርባቸው አይደል እንዴ? ለአንድ ቅዱስ ሁለት ቤት ምን ያደርጋል?” ቢል ጥያቄው ቀልድ አይደለም። መልሱ ያለው በዶግማው ሳይሆን በዜማውና በቋንቋው ላይ ነው። ከእልቂት የተረፈ ሰው ቤቱን፣ መሬቱን፣ የእናት የአባቱን መቃብር ጥሎ ነው የመጣው። ተሸክሞ ሊያመጣ የቻለው ነገር ቢኖር አንደበቱ ላይ ያለውን ጸሎት ነው። ያን ጸሎት በሌላ ሰው ቋንቋ ከለወጠው ምን ቀረው? ስለዚህ የአርመኑ ደብር የሃይማኖት ቤት ብቻ ሳይሆን መዝገብ ቤቱም፣ ሸንጎውም፣ ዕድሩም ነበረ። ኦቶማን ግዛት ውስጥ አንዱ ከአንዱ ከተማ የማይተዋወቁ ሰዎች አዲስ አበባ ላይ የአንድ አጥቢያ ሰዎች ሆኑ።

ይህ አጥቢያ በቁጥር ትልቅ ሆኖ አያውቅም፤ በበዛበት ዘመን እንኳ ከሺህ ብዙም አልራቀም። ክብሩ ግን ከቁጥሩ በላይ ነበር። በጥር 1957 ዓ.ም. የኬልቄዶንን ጉባኤ የማይቀበሉት አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች አዲስ አበባ ላይ ሲሰበሰቡ፣ የኤችሚያድዚኑ ካቶሊኮስ ቫዝጌን ቀዳማዊና የኪልቅያው ካቶሊኮስ ኾረን ቀዳማዊ ሁለቱም መጥተው ነበር። ለአንድ ትንሽ የስደተኛ አጥቢያ ሁለቱን አባቶች በአንድ ሳምንት ማየት ቀላል ነገር አይደለም።

ከዚያ አሥር ዓመት ሳይሞላ 1967 ዓ.ም. መጣ። ደርግ ፋብሪካዎችንና ኩባንያዎችን፣ ቀጥሎም የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ወረሰ። አዋጁ አርመኖችን ለይቶ አልነካም፤ የነካው ባለንብረትን ነው። ይሁንና በንግድና በእጅ ሙያ የቆመ ማኅበረሰብ ስለነበረ ምቱ ከወገቡ ላይ አረፈ። ብዙዎቹ ወደ አሜሪካ፣ ወደ ካናዳ፣ ወደ አውሮፓ ተሰደዱ። አያት ከቱርክ፣ የልጅ ልጅ ደግሞ ከኢትዮጵያ! ዛሬ አዲስ አበባ የቀሩት መቶ አይሞሉም። ቋሚ ካህን በጠፋበት ጊዜ ጸሎቱ እንዳይታጎል የያዘው ዲያቆን ነበር።

እንግዲህ ከመነሻው ያነሣነውን ጥያቄ እንፍታው። ገበያ ያመጣቸው ሰዎች ገበያው ሲዘጋ አብዛኞቹ ሄዱ። የቆዩትን ያቆየው ደብሩ ነው። ይሁንና ደብርም ቢሆን በድንጋይ ብቻ አይኖርም። ሱርፕ ኬቮርክ ግንቡ ስለቆመ አጥቢያው ቆመ ማለት አይደለም፤ ፊደሉን የሚቆጥር፣ ዜማውን ከዲያቆኑ አፍ የሚቀበል ልጅ ያስፈልገዋል። ልጅ የሌለው ደብር ሙዚየም ነው።

ይህ ለኛ ለተማሪዎች የሩቅ ወሬ እንዳይመስለን። ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ለአገሩ ሁሉ መሪጌታ ሲያፈሩ የኖሩ ናቸው። ዛሬ ግን ወጣቱ እንጀራ ፍለጋ ወደ ከተማ ይወርዳል። እኛም ብንሆን ዩኒቨርሲቲ የገባነው ከዚያው ወጥተን ነው። ከተማ ያለው የአገሬ ሰው ዕድር ያቋቁማል፣ ማኅበር ይጠጣል፣ የአገሩን ቤተ ክርስቲያን ቆርቆሮ ያለብሳል፤ ይህ ጥሩ ነው። ዳሩ ግን ቆርቆሮው ሥር ቆሞ ድጓውን የሚዘልቅ ልጅ ከሌለ፣ ያሠራነው ደብር ነው ወይስ መጋዘን? አርመኖቹ እልቂት አሳዷቸው እንኳ መጀመሪያ ያቆሙት ፊደል የሚቆጠርበትን ቤት ነበር። እኛን ማንም አላሳደደንም።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። የታሪክ ትምህርታችን በነገሥታትና በጦርነት የተሞላ ነው። የከተማ ጫማ ሠሪ፣ ፎቶ አንሺ፣ የናስ ሙዚቃ አስተማሪ በግርጌ ማስታወሻ እንኳ ቦታ አያገኝም። የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ጠፋን የምንል የታሪክና የቋንቋ ተማሪዎች አለን። አዲስ አበባ ውስጥ እናቶቻቸው በአርመንኛ እያባበሉ ያሳደጓቸው፣ እነሱ ደግሞ በአማርኛ የሚቀልዱ ሽማግሌዎች አሉ። የውጭ ሰው ናቸው ወይስ የኛ ብለን ከምንከራከር፣ ደብተርና እርሳስ ይዘን ሄደን እነሱኑ እንጠይቅ። ሽማግሌ አይቆይምና ፈጠን ማለት ይበጃል።