አረንጓዴ ቅብ፦ «ንጹህ ነኝ» የሚል ዕቃ ሲመረመር

«ግሪንዋሺንግ» የሚለው ቃል በቢዝነስ ዜናና በስብሰባ አዳራሽ መሰማት ከጀመረ ቆይቷል። አንድ ድርጅት ምርቱን ወይም አሠራሩን ከእውነታው ይልቅ ለተፈጥሮና ለሰው ተስማሚ አስመስሎ ሲያቀርብ ይህ ስም ይሰጠዋል። ቃሉን ያወጣው ጄይ ዌስተርቬልድ የተባለ አሜሪካዊ የአካባቢ ጥበቃ ተሟጋች ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 በጻፈው መጣጥፍ «ምድርን ለማዳን ፎጣችሁን ደግማችሁ ተጠቀሙ» እያሉ እንግዶቻቸውን የሚማጸኑ ሆቴሎችን ወረፈ። ፎጣ ባለመታጠቡ ውኃ ይተርፋል፤ ይህ እውነት ነው። የሆቴሉ የእጥበት ወጪም ይቀንሳል፤ ይህኛው ግን በማስታወቂያው ላይ አልተጻፈም።

በአማርኛ ምን እንበለው? «አረንጓዴ እጥበት» ቢባል ነገሩን ላልሰማ ሰው የሳሙና ዓይነት ይመስለዋል። «የይስሙላ አረንጓዴነት» ይሻላል፤ ችግሩ ሁሉም ነገር ውሸት ነው ማሰኘቱ ነው። እኔ «አረንጓዴ ቅብ» እላለሁ። የወርቅ ቅብ ቀለበት ላዩ የምር ወርቅ ነው፤ የሚያጠያይቀው ከሥሩ ያለው ብረት ነው። አረንጓዴ ቅብም አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው እንዲህ ነው። አንድ ትክክለኛ ነገር ይነግረንና ሌላውን በእሱ ይሸፍነዋል።

ቅቡ ከሚበዛባቸው ቦታዎች አንዱ የመዋቢያ ገበያ ነው። «ክሊን ቢዩቲ»፣ በእኛ «ንጹህ መዋቢያ»፣ ሲባል ብዙውን ጊዜ ፓራቤን ወይም ሰልፌት የተባሉ ኬሚካሎች የሉበትም ለማለት ነው። ይሁንና ቃሉ በሕግ የታወቀ ፍቺ ስለሌለው እያንዳንዱ ብራንድ እንደፈቀደው ይተረጉመዋል። ኤልፍ የተባለውን የአሜሪካ ብራንድ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2004 መዋቢያ በአንድ ዶላር እየሸጠ የተነሣ፣ በእንስሳት ላይ አልሞክርም፣ ከእንስሳት የተገኘ ነገርም አልጨምርም የሚል ድርጅት ነው። በጥር 2019 (እ.ኤ.አ.) ግን ለአሜሪካ ግምጃ ቤት 996,080 ዶላር ከፈለ። ምክንያቱ ቻይና ካሉ ሁለት አቅራቢዎች በ156 ጭነት ባስገባው ሰው ሠራሽ ሽፋሽፍት ውስጥ ማዕቀብ ከተጣለባት ከሰሜን ኮሪያ የመጣ ጥሬ ዕቃ መገኘቱ ነበር። ድርጅቱ ጉዳዩን ደርሶበት ራሱ ሄዶ ማመልከቱ ሊነሣለት ይገባል። እኔን የሚገርመኝ ሌላው ነው፦ እስከዚያ ድረስ የአቅራቢዎቹ ፍተሻ ያተኮረው በጥራት ላይ ነበር። ዕቃው ውስጥ ምን እንዳለ ይታያል፤ ከየት እንደመጣና በማን እጅ እንዳለፈ ግን አይጠየቅም።

የመቐለ ኢንዱስትሪ ፓርክ ቅባትም ሽፋሽፍትም አይሠራም፤ የታነጸው በዋናነት ለልብስ ስፌት ነው። ለአረንጓዴ ቅብ ግን ከእሱ የተሻለ ማስተማሪያ አላውቅም። ፓርኩ በ15 ሼዶች በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። ከአጥሩ ውጭም የባንግላዴሹ ዲቢኤልና ቬሎሲቲ የተባለው ኩባንያ በመቐለ፣ ኤምኤኤ ጋርመንት ደግሞ በኩሓ ለውጭ ገበያ ይሰፉ ነበር። ካልዜዶኒያ የተባለው የጣሊያን የካልሲና የውስጥ ልብስ ብራንድም በከተማዋ ፋብሪካ ነበረው።

እንዲህ ባለ ፋብሪካ በስፌት መስመሩ ላይ አንድ ቦታ ሌብል የምትሰፋ ልጅ ትቀመጣለች። ትንሿን ጨርቅ አጥፋ በጎን ስፌቱ መሐል ታስገባለች፤ መርፌው ሁለቴ ሦስቴ ይመታል፤ ልብሱ ወደሚቀጥለው ማሽን ያልፋል። ሌብሏ ላይ የጥጡ መቶኛ፣ በስንት ዲግሪ እንደሚታጠብና የተሠራበት አገር ይነበባል። የሰዓት ታርጌቷ አይነበብም፤ ኦቨርታይሟ አይነበብም፤ ከደመወዟ የቤት ኪራይ ሲነሣ ስንት እንደሚተርፋትም አይነበብም።

አሁን አንድ የማስታወቂያ ባለሙያ ለዚህ ልብስ «በታዳሽ ኃይል የተሰፋ» የሚል መፈክር ቢጽፍለት አልዋሸም። የኢትዮጵያ መብራት ከ90 በመቶ በላይ የሚመነጨው ከውኃ ነው። እንዲያውም ፋብሪካው በድንጋይ ከሰል ከሚሠራበት አገር ይልቅ የልብሱ የካርበን ዱካ ቀለል ቢል አይገርምም። ቅቡ እውነተኛ ነው። ከሥሩ ያለውን ግን የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የቢዝነስ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በግንቦት 2019 ባወጣው ጥናት ገልጦታል። ጥናቱ ያተኮረው በሐዋሳ ፓርክ ላይ ነው፤ የልብስ ሠራተኞችን መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ብሎ አስቀምጦ ልብስ ከሚያመርቱ አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው ነው አለ። የባንግላዴሽ 95፣ የኬንያ 207፣ የቻይና 326 ዶላር ነበር። በዚያን ጊዜ በአገራችን ለግል ዘርፍ ሠራተኛ በሕግ የተቆረጠ የደመወዝ ወለል አልነበረም። በዚያው 2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም በር ከፈተ፤ ወለሉን ራሱ ግን አልወሰነም።

ስለዚህ ርካሽና «ንጹህ» የተባለ ዕቃ ሲገጥመን ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ ርካሽነቱ ከየት መጣ የሚለው ነው። ርካሽ መሆን በራሱ ነውር አይደለም። ያልተንቆጠቆጠ ጠርሙስ፣ አጭር የንጥረ ነገር ዝርዝር፣ ያለ ደላላ መሸጥ፣ ለታዋቂ ተዋናይ አለመክፈል፣ እነዚህ ሁሉ በሐቅ ዋጋ ይቀንሳሉ። ውድ መሆንም የሠራተኛው ደመወዝ ጥሩ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። ጥሩ ብራንድ ፋብሪካዎቹን በስም ያሳውቃል፣ ዝቅተኛ ተከፋዩ ስንት እንደሚያገኝ ይናገራል፣ ያረጋገጠለትንም ገለልተኛ አካል ይጠቅሳል። ማኅተም ካለም ማኅተሙ ስለምን እንደሚመሰክር ማየት ነው። የጥንቸል ምልክቱ ስለ እንስሳት ይናገራል እንጂ ስለ ልብስ ሰፊዋ ወይም ስለ ሳሙና ቆራጩ አያውቅም። በሠራተኛ ጉዳይ ቀረብ ከሚሉት ማኅተሞች አንዱ ፌር ትሬድ ነው፤ እሱም ቢሆን የትኛውን ፋብሪካ እንደሚሸፍን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሌላ መፈተኛ አለ፤ ብዙዎች አያነሡትም። ሥራ በድንገት ሲቆም ሠራተኛውን ማን ያስበዋል? በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የትግራይ ጦርነት ሲጀመር የመቐለ ፋብሪካዎች ቆሙ፤ የዲቢኤል ግቢም በፍንዳታ ተመታ። የልብስ ብራንዱ ኤች ኤንድ ኤም በትግራይ የሚያመርቱለት አቅራቢዎች ሥራ ማቆማቸውንና ሁኔታው በጣም እንዳሳሰበው ገለጸ፤ ካልዜዶኒያም ፋብሪካውን ዘጋ። ገዢው ብራንድ ትዕዛዙን ወደ ሌላ አገር ማዞር ይችላል፤ መስመሩ ላይ የነበረችው ልጅ ወዴት ትዞራለች? ባንክ በተዘጋበት ከተማ ቁጠባ እንኳ ቢኖራት ማውጣት አትችልም ነበር። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ አጎዋ ከተባለው የአሜሪካ የንግድ ዕድል ስትሰረዝ ደግሞ ከቀረጥ ነጻ ወደ አሜሪካ የመላክ ዕድሉ ለአገሪቱ ሁሉ ቀረ። ጦርነቱን ያስቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ቢፈረምም ገበያው እንደ መብራት ተመልሶ የሚበራ ነገር አይደለም። ስለ «ዘላቂነት» የሚወጡ የብራንድ ሪፖርቶች ውስጥ የጥጥና የካርበን ምዕራፍ በሽ ነው። ፋብሪካው የተዘጋበት ሠራተኛ ምን አገኘ የሚል ምዕራፍ ባነብ ደስ ይለኛል፤ ማግኘቱ ነው የሚቸግረው።

ኤች ኤንድ ኤም ከተነሣ ቅቡ በሌላ መንገድም ተፋቅበታል። እ.ኤ.አ. በ2019 የኖርዌይ የሸማቾች ባለሥልጣን ኩባንያውን «ኮንሸስ» ብለህ የምትሸጣቸው ልብሶች ከሌሎቹ በምን እንደሚሻሉ በበቂ አላስረዳህም ሲል ተቸው። በ2022 (እ.ኤ.አ.) የኔዘርላንድስ የሸማቾችና የገበያ ባለሥልጣን ካነጋገረው በኋላ ኩባንያው አባባሎቹን ለማረም ወይም ለመተው ተስማማ፤ 500,000 ዩሮም ለዘላቂነት ሥራ ለመስጠት ቃል ገባ። የአውሮፓ ኅብረትም ማስረጃ የሌለውን «ለአካባቢ ተስማሚ» ዓይነት ጥቅል አባባል የሚከለክል መመሪያ አውጥቷል፤ ሥራ ላይ የሚውለው ከመስከረም 27 ቀን 2026 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ነው። እኛም ባዶ እጃችንን አይደለንም። አሳሳች ማስታወቂያ በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የተከለከለ ነው፤ መዋቢያን የሚቆጣጠረው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ነው። «ናቹራል» የሚለውን ቃል ይዞ ማስረጃህን አምጣ የሚል ተቆጣጣሪ ግን እምብዛም አላየሁም።

«ናቹራል» የሚለው ቃል ደግሞ ለትግራይ ቅርብ ነው። የነጭ ዕጣን ዘይት በውጭ የ«ንጹህ መዋቢያ» ገበያ ተፈላጊ ነው፤ ዛፉ በትግራይና በአማራ ክልል ቆላማ ቦታዎች ይበቅላል። ዕጣን ለማውጣት ቅርፊቱ በስለት በትንሹ ይላጣል፤ የሚፈሰው ሙጫ ደርቆ ይለቀማል፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቁስሉ እንደገና ይከፈታል፤ በደረቁ ወራት እንዲህ እየተደጋገመ ይሄዳል። በኤርትራ የተደረገ አንድ ጥናት ካልቆሰሉ ዛፎች ከተለቀመ ዘር ከ80 በመቶ በላይ ሲበቅል፣ በብዛት ከቆሰሉት የበቀለው ከ16 በመቶ በታች መሆኑን አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በብዙዎቹ የዕጣን ደኖች ለአሥርት ዓመታት ወጣት ዛፍ እንዳልተተካና ምርቱ በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል አስጠንቅቋል። በየተወሰነ ዓመት ከሚያርፍ ዛፍ የተገኘ ዘይትም፣ ሳያርፍ ከሚላጥ ዛፍ የተገኘ ዘይትም ጠርሙሱ ላይ «100% ተፈጥሯዊ» ሊባሉ ይችላሉ፤ ሁለቱም ደግሞ ትክክል ናቸው። የሚለያቸው ጫካውን የያዘው ማኅበር ዛፎቹን በየተራ የሚያሳርፍበት መዝገብ ነው። ገዢው ያንን ካልጠየቀ ሻጩ የሚያሳይበት ምክንያት የለውም።