የጀልባ ሞተር ታሪክ፦ ከኔቫ ወንዝ እስከ ጣና

ዛሬ ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ተማሪዬ ደወለልኝ። አሁን ጣና ላይ ዓሣ በማስገር ነው የሚተዳደረው። «ቲቸር፣ አንድ ነገር ላማክርዎት ነበር» አለና በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ። ረጅም ዘንግ፣ ከላይ እጀታ፣ ከታች ደግሞ ትንሽ ፕሮፔለር ያለው ሞተር ነው። «በባትሪ ነው የሚሠራው፤ ቤንዚን የሚባል ነገር አይፈልግም። ውኃው ከጉልበት የማያልፍበት ዳርቻ ድረስ ይገባል አሉኝ። ልግዛው?»

ሳቅኩ። እኔ የታሪክ አስተማሪ ነኝ፤ የሞተር ብሎን እንኳ ፈትቼ አላውቅም። ግን ነገሩ ከነከነኝ። ቤንዚን ለማግኘት ስንት ሰዓት እንደሚሰለፍ አውቃለሁ። ደግሞም ክፍል ውስጥ ሁሌ የምለው ነገር አለ፦ አንድን ዕቃ ለማወቅ ለምን እንደተወለደ ጠይቅ። ስለዚህ «አንድ ሳምንት ስጠኝ» አልኩትና ማንበብ ጀመርኩ። ያገኘሁትን ለእናንተም ላካፍላችሁ። (የውጭውን ታሪክ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።)

መቼም ብዙዎቻችን የኤሌክትሪክ ጀልባ ትናንት የመጣ ነገር ይመስለናል። ምን መሰላችሁ፣ ከቤንዚኑ ይቀድማል! እ.ኤ.አ. በ1838፣ እኛ ዘመነ መሳፍንት ላይ ሳለን፣ ሞሪትዝ ፎን ያኮቢ የተባለ ጀርመን ተወላጅ ሊቅ ሴንት ፒተርስበርግ ውስጥ በኔቫ ወንዝ ላይ በኤሌክትሪክ ሞተር የሚሄድ ጀልባ ሞከረ። ከደርዘን ያላነሱ ሰዎች ተሳፍረውበት ነበር። ገንዘቡ የመጣው ከሩሲያው ንጉሥ ከቀዳማዊ ኒኮላስ ነው። ጀልባዋ ሄደች፤ ግን ባትሪው ብዙ ቦታ የሚይዝ፣ ዚንክ የሚበላ፣ ውድ ነገር ነበር። ሙከራው ከሙከራ አላለፈም።

ከዚያ በ1881፣ በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን መሆኑ ነው፣ ጉስታቭ ትሩቬ የተባለ ፈረንሳዊ ፓሪስ ውስጥ በሴን ወንዝ ላይ «ቴሌፎን» ብሎ የሰየማትን ትንሽ ጀልባ በኤሌክትሪክ ነዳ። የትሩቬ ብልሃት ሞተሩን ከመሪው ጋር አያይዞ ከጀልባዋ ኋላ መስቀሉ ነው። ሥራ ሲያልቅ ነቅሎ ቤት ይዞት መግባት ይቻላል። ዛሬ ጀልባ ኋላ ላይ የሚሰቀለው ሞተር ሁሉ፣ አውትቦርድ የምንለው፣ አያቱ ይኼው ነው። የመጀመሪያው አውትቦርድ በባትሪ ነበር ማለት ነው። በ1893 ደግሞ ቺካጎ በተካሄደው ዓለም አቀፍ ትርዒት ላይ ከ50 በላይ የኤሌክትሪክ ጀልባዎች ጎብኚ ሲያመላልሱ ከረሙ።

ታዲያ ለምን ተሸነፈ? በክብደት ነው። የእርሳስ ባትሪ ብዙ ኪሎ ተሸክሞ ጥቂት ጉልበት ነው የሚሰጠው። ቤንዚን ግን በአንዲት ጀሪካን ረጅም መንገድ ይወስዳል።

አሁን 1909 ላይ ቆም በሉልኝ። በዚያ ዓመት ሁለት ነገሮች ሆኑ።

አንደኛው አሜሪካ ውስጥ ነው። ኦሌ ኤቨንሩድ የተባለ ኖርዌይ ተወላጅ መካኒክ በዊስኮንሲን ግዛት የቤንዚን አውትቦርዱን ለገበያ አቀረበ። ጉልበቱ አንድ ተኩል የፈረስ ጉልበት፣ ክብደቱ 62 ፓውንድ (28 ኪሎ ገደማ) ነበር። እንደሚተረከው፣ አንድ ሞቃት ቀን ለእጮኛው አይስክሬም ሊያመጣ ሐይቁን በመቅዘፊያ ሲያቋርጥ አይስክሬሙ ቀለጠበት፤ ሐሳቡም ያኔ መጣለት። የቤንዚን ሞተር የተወለደው ለመቸኮል ነው ማለት ነው። ርቀት ለማሳጠር።

ሁለተኛው ጀርመን ውስጥ ነው። በባቫሪያ ተራሮች መካከል ባለው በኮኒግስዜ ሐይቅ ላይ የኤሌክትሪክ የመንገደኛ ጀልባዎች ሥራ ጀመሩ። እስከ ዛሬም እዚያ ሰው የሚያመላልሱት በባትሪ የሚሄዱ ጀልባዎች ናቸው። ፀጥታው ከመብዛቱ የተነሳ ጀልባ ነጂዎቹ መሐል ላይ ቆመው ጥሩምባ ይነፉና ተራራው ሲመልስላቸው መንገደኛው ያዳምጣል። ያው 1909 ነው፤ አንዱ ሐይቅ ፍጥነትን መረጠ፣ ሌላው ፀጥታን መረጠ።

ተማሪዬ ፎቶውን የላከልኝ ሞተር ደግሞ በ1930ዎቹ ነው የመጣው። ትሮሊንግ ሞተር ይባላል። ትሮሊንግ ማለት መንጠቆን ከጀልባ ኋላ ለቆ ቀስ እያሉ እየጎተቱ ማጥመድ ነው። ለዚህ ሥራ የቤንዚን ሞተር አይመችም፤ ይጮኻል፣ ይፈጥናል። በ1934 ሽሚት የተባለ በሰሜን ዳኮታ፣ ፋርጎ ከተማ የሚኖር ሰው ከፎርድ ሞዴል ኤ መኪና ላይ የሞተር ማስነሻውን (ሞተሪኖውን) ወሰደ፤ ዘንግና ፕሮፔለር ገጠመለት። ድርጅቱ ሚን ኮታ ተባለ፤ ከተማዋ በሚኔሶታና በሰሜን ዳኮታ ወሰን ላይ ስለሆነች ሁለቱን ስም ቆርጦ መቀጠሉ ነው። ልብ በሉ፤ ሰውየው ፍጥነት አልፈለገም። ዓሣው ሳይደነግጥ ቀስ ብሎ መሄድ ነው የፈለገው።

በ1950ዎቹ በእግር የሚዘወር መጣ፤ አስጋሪው እጁ ለመንጠቆው ነፃ ሆነለት። በ1967 ሬይ ስኮት የተባለ ሰው አርካንሳስ ውስጥ ትልቅ የዓሣ ማጥመድ ውድድር ካዘጋጀ በኋላ ስፖርቱ ተስፋፋ፤ የእነሱ ጀልባም ሁለት ሞተር ያለው ሆነ። ኋላ ላይ ትልቅ የቤንዚን ሞተር አለ፤ እሱ ያደርሳል። ፊት ላይ ትንሽ የባትሪ ሞተር አለ፤ እሱ ያሰግራል። አንዱ ሌላውን አይተካም። አሜሪካ ውስጥ ለመጠጥ ውኃ በተከለሉ ብዙ ሐይቆች ላይ ግን የቤንዚኑን ማስነሳት ክልክል ነው፤ የባትሪው ብቻ ይፈቀዳል።

እስቲ አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ።

ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም። ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታው ግን 14 ሜትር ገደማ ነው። ዳርቻው ደንገል፣ ደለልና ረግረግ ነው። ለዚህ ውኃ የተሠራው መጓጓዣ ታንኳ ነው። የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ከዚያው ከዳርቻው ደንገል አጭዶ፣ አድርቆ፣ አስሮ የሚሠራው ታንኳ ጥቂት ውኃ ይበቃዋል። ድምፅ የለውም። ግን ውኃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ከወራት በኋላ መበስበሱ አይቀርም። ማዕበል ባለበት መሐል ሐይቅም ብዙ አይደፈርበትም። ስለዚህ ማስገር ለዘመናት በዳርቻው ተወስኖ ኖረ። ከዳር የራቀው ዓሣ ጠባቂው ርቀቱ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1986፣ በደርግ ዘመን፣ ይህ ተለወጠ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከአንድ የሆላንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ጋር ሆና በጀመረችው የጣና ዓሣ ሀብት ልማት ፕሮጀክት የሞተር ጀልባና ዘመናዊ የናይሎን መረብ ገባ። ሐሳቡ መልካም ነበር። ደሀው አስጋሪ ገቢ አገኘ፣ ከተማው ዓሣ በላ፣ ወጣቱ ሥራ አገኘ። ይህን መካድ ነውር ነው።

ግን ሞተሩ ርቀትን ሲያጠፋ ጥበቃውንም አብሮ አጠፋው። ጣና ውስጥ ሳይንቲስቶች ላቢዮባርበስ የሚሏቸው፣ በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙ 15 ያህል የዓሣ ዝርያዎች አሉ። ከእነዚህ ውስጥ ግማሽ ያህሉ መንጋጋቸው ላይ ጥርስ ሳይኖራቸው ሌላ ዓሣ አድነው የሚበሉ ናቸው። እንዲህ ያለ የባርበስ ቤተሰብ ፊሊፒንስ ውስጥ በላናኦ ሐይቅም ነበር፤ እዚያ አብዛኛው ጠፍቷል። የቀረው የእኛው ነው።

ብዙዎቹ በክረምት፣ ከሐምሌ ጀምሮ፣ እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ ወንዞች ይተማሉ። ከመውጣታቸው በፊት የወንዙ አፍ ላይ ተሰብስበው ይጠብቃሉ። ጀልባ በሞተር እዚያ ይደርሳል፣ መረቡ ይዘረጋል፣ እናቶቹ ከነእንቁላላቸው ይወጣሉ። ከ1991 እስከ 2001 በተደረገ የምርምር ክትትል፣ ወንዝ ወጥተው የሚራቡት ዝርያዎች ቁጥር ከሦስት አራተኛ ባላነሰ መጠን መቀነሱ ታየ። ተመራማሪዎቹ በዋናነት የጠቀሱት ምክንያት በመራቢያ ጊዜ የሚደረገውን የመረብ ማስገር ነው። በእርግጥ ጥፋቱን ሁሉ ለሞተር መስጠት አይቻልም፤ በወንዞቹ ላይ በብርብራ ፍሬ መርዞ ማጥመድም አለ፣ የዳርቻው መታረስም አለ፣ ከ2011 ወዲህ ደግሞ እምቦጭ መጣ። ግን ሞተሩ በሩን ከፍቷል።

በነገራችን ላይ ሕግ የለም እንዳይባል፣ በ1995 ዓ.ም የወጣ የፌዴራል የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ አለ፤ ቁጥሩ 315 ነው። አዋጁ ወረቀት ላይ ነው፤ መረቡ ውኃ ላይ ነው።

አሁን ለተማሪዬ የሰጠሁትን መልስ እነሆ። ሞተር ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁም ይጠቅማችኋል።

የእነዚህ ሞተሮች ጉልበት የሚለካው በግፊት ነው፣ በፓውንድ። የተለመደው ስሌት ለየ45 ኪሎው 2 ፓውንድ ነው። ጀልባው፣ ሁለቱ ሰው፣ ባትሪው፣ መረቡና ዓሣው ተደምሮ 700 ኪሎ ቢሆን 31 ፓውንድ ገደማ ይወጣል። ይህ ግን ለተኛ ውኃ ነው። የጣናን የከሰዓት ነፋስ የሚያውቅ ሰው 55ቱን ይመርጣል። ባለ 55ቱ በ12 ቮልት ይሠራል፤ ከዚያ በላይ የሆነው 24 ቮልት ስለሚፈልግ ባትሪ ሁለት ይሆናል።

የመኪና ባትሪ አይሆንም። እሱ ለአንድ አፍታ በኃይል ለማስነሳት የተሠራ ነው፤ ደጋግሞ ሲራገፍ ይሞታል። ዲፕ ሳይክል የሚባለው ነው የሚያስፈልገው። ባለ 55ቱ በሙሉ ጉልበት ሲሄድ 50 አምፔር ያህል ይስባል። ባለ 100 አምፔር-ሰዓት ባትሪ በወረቀት ሁለት ሰዓት ይሰጣል፤ የእርሳስ ባትሪ ከግማሽ በታች መውረድ ስለሌለበት ግን በተግባር አንድ ሰዓት በል። ቀስ ብለህ ከሄድክ ብዙ እጥፍ ይቆያል። ፍጥነቱ ቢበዛ በሰዓት 6 ወይም 7 ኪሎ ሜትር ነው። ስለዚህ መረብህ 10 ኪሎ ሜትር ርቆ ከተዘረጋ ደርሰህ አትመለስም፤ መሐል ሐይቅ ላይ ቆመህ ትቀራለህ። መቅዘፊያህን ቤት እንዳትተው!

ለዳርቻው ግን በጣም ይመቻል። የቤንዚኑ ሞተር እግር አጭር የሚባለው እንኳ 38 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ደለል ይነካል፣ ጭቃ ይስባል። የባትሪው ዘንግ ግን ከፍና ዝቅ ይላል። ፕሮፔለሩ ከውኃው ፊት በታች 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ይግባ፤ ከዚያ ካነሰ አየር ይመታል። ሣርና እምቦጭ የማይጠመጠምበት ዓይነት ፕሮፔለር አለ፤ እሱን ጠይቅ። ጣና ጨው የለውምና ለባሕር ለተሠራው ተጨማሪ ብር አትክፈል።

ይህን ሁሉ በስልክ ስነግረው ቆየሁና «አንድ ጥያቄ እኔም ልጠይቅህ» አልኩት። «ይህን ድምፅ የሌለውን ነገር ይዘህ ነሐሴ ላይ የጉማራ አፍ ትገባለህ?»

ዝም አለ። ከዚያ «ቲቸር፣ እኔ ብተወው ሌላው ይገባል እኮ» አለኝ።

እውነቱን ነው። ይህን የሚመልስ የታሪክ መጽሐፍ አላገኘሁም። ግን ሳነብ የከረምኩት አንድ ነገር አሳይቶኛል፦ ሞተር የሚለውጠው የጀልባውን አካሄድ ብቻ አይደለም፤ የትኛው ዓሣ ከመረብ እንደሚያመልጥም ይወስናል። ድሮ ታንኳ ስለማይደርስ የተረፈ ዓሣ ነበር። የቤንዚን ሞተር ስለሚጮህና ደለል ስለሚፈራ የተረፈ ዳርቻም አለ። ይኼኛው ግን አይጮህም፣ ደለልም አይፈራም። ስለዚህ ከእንግዲህ የሚተርፈው እኛ ራሳችን «እዚህ አልገባም» ያልንበት ብቻ ነው።

«ግዛው» አልኩት። «ግን ብቻህን አትግዛ። የማኅበራችሁ ስብሰባ ላይ አንሳውና ሞተሩንም፣ ክረምት ላይ የማትገቡበትንም ቦታ በአንድ ቃለ ጉባኤ ጻፉት።»

«እሞክራለሁ» አለኝ። ስብሰባው የፊታችን እሑድ ነው።

ጣና፣ ዝዋይ ወይም ጫሞ ላይ የምታሰግሩ ወዳጆች ካላችሁ፣ በባትሪ ሞተር የሞከራችሁ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ለልጁ አስተላልፍለታለሁ።